ሁለት ሰው፣ አንዲት ጦረኛ

እህቴ መነፅር ትሠራለች። ትሸጣለች አላልኩም፤ የሚሸጡት ከፊት ለፊት፣ መስታወትና መብራት በሞላበት ክፍል ሽክ ብለው የሚቆሙት ናቸው። እሷ ከመጋረጃው ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ቁጭ ብላ ሌንሱን በማሽን ትሞርዳለች፣ ጠርዙን ታለሰልሳለች፣ ፍሬሙ ውስጥ ትሰካለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ብርሃን ታነሳውና አንድ ዓይኗን ጨፍና ታየዋለች። የፀጉር ያህል ጭረት ካገኘችበት ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ደጋግሞ ቢያይም ግድ የላትም። «ሰውዬው እኮ ዓለምን ሊያይበት ነው» ትላለች። ስትቸኩል አይቻት አላውቅም። እኔን ደግሞ ስረጋ ያየኝ ሰው የለም። ከአንድ ማህፀን መውጣታችንን እናታችን ባትመሰክር ኖሮ እኔም አላምንም ነበር።

ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰፈሩ የሚያውቀው «ሬዲዮ» በሚለው ስሙ ነው፤ መቀሱ ይቆማል እንጂ አፉ አይቆምም። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ወሬው ይጀመራል፤ ፀጉሩ አልቆ ወሬው ካላለቀ ሰውዬው ፎጣው አንገቱ ላይ እንደተጠመጠመ ቁጭ ብሎ መጨረሻውን ይሰማል። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ጋ የመጣ ግን ሁለቱንም ያውቃል» እያለ ይፎክር ነበር። እኔ ጋሼ ነው የምለው። እሱና እህቴ ደግሞ «ሚጡ» ይሉኛል። ሽበት ያወጣሁ ሴት ነኝ፤ ግን ማን ይሰማኛል?

አንድ ጠዋት ጋሼ ሱቁን ሊከፍት ቁልፉን ሲያዞር ቀኝ እጁ እምቢ አለው። እዚያው በሩ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ሐኪም ቤት ስትሮክ ነው አሉን። ነፍሱ ተረፈች፤ ስሙ ይመስገን። ከሳምንታት በኋላ ቤት ሲመለስ ግን ቀኝ እግሩ ይጎተታል፣ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደተቀመጠ ይውላል፣ ቃላቱም ተደበላልቀዋል። ጠፉ አይባልም፤ ይመጣሉ፣ ግን የተጠራው ሳይሆን ጎረቤቱ ይመጣል። ውሃ ሊል «በር» ይላል። ትራስ ሊል «ባቡር» ይላል። ክፋቱ፣ ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ስህተቱን እሱ ራሱ ቀድሞ ይሰማዋል።

ሊጠይቁት ከመጡት ደንበኞቹ አንዱን «እንዴት ነህ» ሊለው ፈልጎ «ስንት ድስት ነህ» አለው። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ የሬዲዮን ቀልድ የለመደ ነውና ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ። ጋሼ ግን አልሳቀም። ከዚያች ቀን በኋላ አፉን ዘጋ። ሲርበው ወደ ሳህኑ ይጠቁማል፣ ሲደክመው ወደ አልጋው ይጠቁማል፤ ሰው በር ሲያንኳኳ ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ ይመስላል።

የንግግር ሐኪሟ እህቴን ለብቻ ጠርታ ነገረቻት። «እየተሳሳተም ቢሆን ማውራት አለበት። አሁን ካልተናገረ ዝምታውን ይለምደዋል፤ ኋላ መመለሱ ይከብዳል።» ሥዕል ያለባቸው ካርዶችም ሰጠቻት፦ ድመት፣ ኩባያ፣ ጫማ። ስንቱን ሰው በወሬ ከወንበሩ ጋር ያጣበቀ ሰው «ይሄ ምንድን ነው? በሉ ድ… ድ…» ሲባል ይታያችሁ። ካርዶቹን አንድ በአንድ ሰብስቦ ሥዕላቸውን ወደ ታች ገለበጣቸው። እህቴ ሄዳ ስትነግራት ሐኪሟ «አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብላ ሸኘቻት። እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ እህቴ ልታልቅ ነው ብዬ በሆዴ ተቆጣሁ።

ቀደም ሲል ከሥራ ስትመለስ ድምፁን የምትሰማው ገና ደረጃው ሥር ሳለች ነበር። አሁን በሩን ከፍታ ስትገባ የምትሰማው የቧንቧውን ጠብታ ነው። እህቴ ብዙ የምትናገር ሴት አይደለችም፤ ለሁለታቸውም የሚያወራው እሱ ነበር። «ሚጡ፣ እንዲህ እንደሆነ እንዳይቀር እፈራለሁ» አለችኝ አንድ ቀን።

እኔ ትንሽ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ከዚያ ወሬ በኋላ ብዙም ሳይቆይ እህቴ በምሳ ሰዓቷ መጣች፣ ከቦርሳዋ ሰፊ የመነፅር ማኅደር አወጣች፣ ከማኅደሩ ውስጥ በሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ የተጠቀለለ ሲዲ አወጣች።

«ይቺን ታስነሺልኛለሽ?»

ሲዲዋን እንዳየሁ አወቅኳት። ሲጋቡ ይኖሩ የነበረው ከፀጉር ቤቱ ኋላ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። ጋሼ ከአንድ ከሚዘጋ ቢሮ ያመጣው ትልቅ፣ ሆዳም ኮምፒውተር ነበራቸው፤ በእሱ ላይ ደግሞ አንዲት ጌም። ጦር የያዘች ሴት ከፈረሰ ግንብ ሥር ትወርዳለች፤ ጭራቅ በመጣ ቁጥር ማውሱን ስትጫኑ ትወጋለች፣ ስትለቁ ትቆማለች። ጥግ ላይ ያለው ቀይ ብርጭቆ ደሟ ነው፤ ሲጎድል ወገቧ ላይ ከታጠቀቻቸው የመድኃኒት ጠርሙሶች አንዱን ማጠጣት ነው። ጠርሙሶቹ የሚታዘዙት በኪቦርዱ ቁጥሮች ነው። ሌላውን፣ ማን እንደበደላትና ለምን ወደዚያ ጉድጓድ እንደምትወርድ፣ ሁለቱም አያውቁም። ጽሑፉ በሰው አገር ቋንቋ ነው፤ እነሱ ደግሞ «እሺ» እና «አይሆንም» የሚሉትን ቁልፎች ከለዩ ሌላው ትርፍ ነው ብለው ትተውታል።

አጨዋወታቸው የእነሱ ብቻ ነበር። አንዷን ጦረኛ ለሁለት ነው የሚነዷት። እሱ በቀኝ ተቀምጦ ማውሱን ይይዛል፤ ይዋጋል። እሷ በግራ ተቀምጣ ቁጥሮቹን ትጠብቃለች፤ ታጠጣለች። «ልጅቱ» ነው የሚሏት። ልጅ አልወለዱም፤ ስሙ ከዚያ ይምጣ አይምጣ ጠይቄ አላውቅም። እሱ የጭራቅ መንጋ መሃል ዘሎ ይገባና «አጠጫት! አጠጫት!» ብሎ ይጮሃል። እህቴ ደግሞ ቆጣቢ ናት። «ትንሽ ትቆይ፣ ለክፉ ቀን ይሁናት» ትላለች። እንዲህ ሲባባሉ ልጅቱ ወገቧ ሙሉ መድኃኒት እንደታጠቀች ትሞታለች። በዚህ የተነሳ የተኳረፉበት ጊዜ ብዙ ነው።

የጭራቆቹን ስም ስላላነበቡት ራሳቸው አወጡላቸው። እንደ ጉንዳን የሚግተለተሉት አፅሞች «ተከራይ» ናቸው። ቀንዳሙና ግዙፉ «አከራይ» ነው። እግሩን እየጎተተ፣ እየተነፋረቀ የሚመጣው ሬሳ «ሰኞ» ነው። ክንፍ አውጥታ፣ እየጮኸች፣ ሳይጠሯት ከላይ የምትወርደዋ ደግሞ «ሚጡ» ትባላለች። ይህን ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ቂሜን እስከ ዛሬ ይዣለሁ።

ኋላ ፀጉር ቤቱ ሁለተኛ ወንበር ጨመረ፣ ሥራ በዛ፣ የኮምፒውተሩም ሆድ አንድ ቀን ጨሰ። ጌሟን ሳይጨርሷት ቀረች። ሲዲዋን ግን እህቴ ማኅደር ውስጥ አስቀምጣት ኖራለች።

«እታለም፣ ይሄ እኮ ቅርስ ሆኗል» አልኳት።

«ታስነሺልኛለሽ ወይስ አታስነሺልኝም?»

የአሁን ላፕቶፕ የሲዲ አፍ የለውም። ለሱቄ የገዛሁትን፣ በሽቦ የሚገናኘውን የሲዲ ማንበቢያ አምጥቼ ሰካሁ። ሲዲዋ ዞረች፣ አጉረመረመች፣ መሃል ላይ ደርሳ ቀጥ አለች። አውጥቼ ጠረግኳት፣ መልሼ ከተትኳት፤ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ። እህቴ ቀና አድርጋ በብርሃኑ አየቻትና «ተጭራለች እኮ» አለች። ይዛት ሄደች። በማግስቱ ስትመልሳት ሲዲዋ ፊት ታሳይ ነበር። ሌንስ በሚያለሰልሱበት ቅባት ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ ቀጥ እያደረገች ስትጠርጋት እንደዋለች ነገረችኝ። አዙራ ብትጠርጋት ኖሮ ይብስባት እንደነበርም አስረዳችኝ። እኔ እዚያ ድረስ ትዕግሥት ስለሌለኝ ቃሏን ተቀበልኩ።

ማንበቡስ ተነበበ። ሲጫን ግን ላፕቶፑ ይህ ፕሮግራም ለእኔ አይሆንም አለኝ። ለአንተ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው ብዬ ሰደብኩት። ኢንተርኔት ላይ ብገባ፣ ለካ ይህችን አሮጌ ጌም ዛሬም የሚወዷት ሰዎች አሉ። በየአገሩ ተበትነው እርስ በርስ ይመካከራሉ፤ አንዱ ለማያውቀው ሰው ብሎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ጽፎ አስቀምጧል። እንዳለው አደረግኩ። ላፕቶፑን የድሮ ኮምፒውተር ነህ ብዬ እንደማታለል ያለ ነገር ነው። ተከፈተ፤ ድምፅ አለ፣ ምስል የለም፣ ጥቁር። ሌላ ነገር ነካካሁ፤ ምስል መጣ፣ ግን የልጅቱ ፊት አረንጓዴ፣ ሰማዩ ሮዝ ሆኖ።

«ታማለች» አለች እህቴ፣ ከልቧ አዝና።

እነዚያ የጌሟ ወዳጆች የሠሩላትን አንዲት ትንሽ ፋይል ከጌሙ ማኅደር ውስጥ ጨመርኩ። ቀለሟ ተመለሰ። ደስ ብሎን ሳናበቃ ልጅቱ መሮጥ ጀመረች፤ ሩጫ ብቻ አይደለም፣ እንደ ትንኝ ግቢውን ሦስቴ ዞራ ከአፅሞቹ መሃል ገብታ ሞተች። ለቀርፋፋ ማሽን የተሠራች ናትና የአሁኑ ፍጥነት አሳብዷታል። አንድ ደንበኛ ፎቶ ኮፒ ይዞ ቆሞ «እትዬ፣ የእኔስ ጉዳይ?» ቢለኝ ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም። ፍጥነቷን የምትይዝበትን ቦታ ፈልጌ አገኘሁት። ልጅቱ እንደ ሰው ተራመደች። ያ ቀስ ያለ የክራር ዓይነት ሙዚቃዋ ሱቁን ሞላው፤ እህቴ አፏን በመዳፏ ያዘች።

ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑን መስኮቱ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አደረግን። ሁለት ወንበር ጎን ለጎን። እህቴ ጋሼን ደግፋ በቀኝ አስቀመጠችው፣ እሷ በግራ ተቀመጠች፣ ልክ እንደ ድሮው። ሙዚቃው ሲጀምር ቅንድቡ ተነሳ። ዞሮ አያት። እህቴ ቀኝ እጁን ከጭኑ አንስታ ማውሱ ላይ አኖረችው፣ በላዩ ላይ የራሷን እጅ አሳረፈች።

«በል የኔ ጌታ፣ ግባባቸው።»

አፅሞቹ መጡ። እጁ አልሄደም። ስክሪኑ ላይ ያለችው የማውሱ ቀስት ወደ ጥግ ተንሸራታ ቀረች፤ ልጅቱ ቆማ ተደበደበች፣ ሞተች። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ሞተች። ሦስተኛው ላይ ጋሼ በግራ እጁ ማውሱን ጠረገው። ወለሉ ላይ ወድቆ ባትሪው ተፈናጥሮ ከቁም ሣጥኑ ሥር ገባ። ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወደ መኝታ ቤት ሄደ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

እህቴን ወጥ ቤት ውስጥ፣ ቧንቧውን ከፍታ፣ ምንም ሳታጥብ ስታለቅስ አገኘኋት።

«እታለም፣ ተይው በቃ። አልሆነም።»

«እንደ ድሮው እንዲሆን ብዬ» አለች። «ምን አደረግኩ መሰለሽ? የሄደውን እጁን አምጥቼ ፊቱ ላይ አስቀመጥኩበት።»

እጄን ዘርግቼ ቧንቧውን ዘጋሁት።

ሌላ ሰው ቢሆን ላፕቶፑን አጥፎ ያስቀምጥ ነበር። እህቴ ግን ከሥራ ስትመለስ ብቻዋን መጫወት ጀመረች። ለምን ስላት «ቤቱ ጭጭ ሲል ልሞት ነው። ቢያንስ እሷ ትጩህ» አለችኝ። ስለዚህ በቀኝ፣ በእሱ ቦታ ተቀመጠችና ማውሱን ያዘች። በሕይወቷ ይዛው አታውቅም ነበር።

በሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሲዲ ማንበቢያዬን ልወስድ ሄጄ ተመለከትኳት። እንደ እሷ የሚዋጋ ሰው አላየሁም። ጭራቁ ፊት ትሄድና እንደ መነፅር ደንበኛ ታስተናግደዋለች፤ አስተካክላ፣ ልክ መሃሉን ለክታ ካልሆነ አትወጋም። እስክትለካ ጭራቁ ይጨርሳታል። ማጠጣቱንም ትረሳዋለች፤ ሁለት እጇ ማውሱን ጨብጦ እንዴት ታጠጣ? ልጅቱ «አህ!» ብላ ትወድቃለች፣ እህቴ ይቅርታ ትጠይቃታለች፣ እንደገና ይጀመራል። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ልጅቱ ስትወድቅ አልጋው ጢጥ ይላል። ስትወድቅ፣ ጢጥ። ከዚያ አልጋው አንዴ ረዘም አድርጎ ጮኸና የሚጎተት እግር ድምፅ መጣ።

ጋሼ ወንበር ይዞ በግራ እጁ እየጎተተ ወጣ። በግራዋ፣ የድሮ ቦታዋ ላይ፣ አስቀመጠው። ተቀመጠ። ደህናውን እጁን፣ ግራውን፣ ቁጥሮቹ ላይ አኖረ።

እኔ አፌን ስከፍት እህቴ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። አፌን ዘጋሁ።

ልጅቱ ገባች። እህቴ ለካች፣ ወጋች። አንድ አፅም ልጅቱን ነካ ሲያደርጋት ጋሼ አጠጣት። ሌላው ሲነካት አጠጣት። ሳትነካም አጠጣት። ቀዩ ብርጭቆ ሙሉ ሆኖ እያለ ጠርሙሱ ሲፈስስ እህቴ አልቻለችም።

«ኧረ አታባክን እንጂ!»

ትከሻው ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ኋላ ሲገባኝ፣ ድምፅ ሳያወጣ እየሳቀ ነው።

እንዲህ እያሉ ከግንቡ አደባባይ ደረሱ። እህቴ ከፊቷ ያሉትን ስትለካ ቀንዳሙ ከኋላ መጣ። እሷ አላየችውም። ጋሼ አይቶታል። ግራ እጁ ቁጥሮቹ ላይ ነው፣ ቀኙ ለመጠቆም አይነሳም። በጉሮሮው አጉረመረመ፤ አልሰማችም። ወንበሩ ላይ ብድግ ቁጭ አለ። ቀንዳሙ መጥረቢያውን አነሳ።

«አከራይ!»

እህቴ ልጅቱን አዞረቻት። ሳትለካ፣ እንዲሁ እንደመጣላት ወጋችው፣ ደጋግማ ወጋችው፤ ወደቀ። ጋሼ ቀስ ብሎ ወደ እኛ ዞረ። ፊቱ ላይ ያ ፍርሃት ነበር፤ ሌላ ቃል አምልጦት እንደሆነ ከዓይናችን ሊያነብ የሚፈልግ ፍርሃት።

«ኪራይ ሊጠይቅ መጥቶ ነዋ» አለች እህቴ። «ድርሻውን አገኘ።»

የገባኝ ያኔ ነው። እዚያ ጌም ውስጥ በትክክለኛ ስሙ የሚጠራ ነገር የለም። ሬሳው ሰኞ ነው፣ አፅሙ ተከራይ ነው፤ አፉ ላይ የመጣለትን ቢል የሚያርመው ሰው የለም፣ የሚስቅበትም የለም። ካርዱ ላይ ያለችው ድመት ግን ድመት ካልተባለች ሞቼ እገኛለሁ ትላለች።

«ሰኞ» አለ ጋሼ፣ አንዱ እየተነፋረቀ ከጥግ ሲመጣ። «ሰኞ! ተከራይ፣ ተከራይ!» ከዚያ ክንፋሟ እየጮኸች ከላይ ወረደች። ጋሼ አየት አደረጋትና ዞሮ እኔን ተመለከተኝ።

«ሚጡ» አለ።

ከታመመ ወዲህ ስሜን ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር፤ የጠራበት ምክንያት ያቺ ክፉ አሞራ ናት። ልቆጣ ይሁን ላልቅስ መወሰን አቃተኝ። አለቀስኩ። ማንበቢያዬንም ሳልወስድ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ መልስ የሁለቱ ሥራ ይኸው ሆነ። ሐኪሟ ስትሰማ «ካርዶቹን ተዋቸው፣ ይሄን ቀጥሉ» አለች። እህቴ መዋጋት ለመደች፤ ያቺ ትዕግሥተኛ ሴት «ና እንጂ፣ ምን ትፈራለህ!» ብላ ጭራቅ ስትጠራ ሰምቻለሁ። ጋሼም ማጠጣት ለመደ፤ ማባከኑን ግን አልተወም። ነገር ግን ላፕቶፑ ሲዘጋ አፉም ይዘጋ ነበር። ማዕድ ላይ ይጠቁማል። በር ሲንኳኳ ዓይኑን ይጨፍናል። የፀጉር ቤቱ ደንበኞች ደጋግመው መጥተው ደጋግመው ተመለሱ። እህቴ «እዚያ ውስጥ ብቻ ቢያወራስ? ሕይወቱን ሙሉ ግንብ ሥር ሊኖር ነው?» አለችኝ፤ ከንፈሯ ይስቅ ነበር፣ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

አንድ እሑድ ማንበቢያዬን በእርግጥ ፈልጌው ሄድኩ፤ ሱቅ ላይ ሰው ይጠብቀኝ ነበር። በሩን የከፈተችልኝ እህቴ ጉንጯ ቀልቶ ነበር። «ድሮ ከደረስንበት አለፍን! ነይ፣ ነይ እዪ!» ብላ ጎትታ አስገባችኝ። ቆሜ፣ ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ እንዳለ፣ አየሁ። ድሮ ያላለፉት የብረት በር ተከፍቶ ልጅቱ በረዶ የሸፈነው ሜዳ ላይ ወጥታለች። እዚህ ያሉት ጭራቆች ስም የላቸውም፤ አይተዋቸው አያውቁም። እህቴ ለአንዱ «ነጩ» የሚል ስም አወጣች። ጋሼ ይሄም ስም ሆኖ ነው በሚል ዓይን አያት።

ከበረዶው ውስጥ አንድ ግዙፍ ነገር ተነሳ። የጭንቅላቱ ግማሽ እስከ ትከሻው በሚወርድ ፀጉር ተሸፍኗል፤ ግማሹ ላጫ ነው፣ እንደ እንቁላል ያበራል።

«ይሄንንስ ማን እንበለው?» አለች እህቴ።

ጋሼ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ጭራቅ አይደለም ያየው፤ ራስ ነው ያየው፣ እንደ ፀጉር አስተካካይ። ግራ እጁ ከቁጥሮቹ ላይ ተነሳ።

«ደንበኛዬ!» አለ። «ደንበኛዬ ነው። ሰውዬው… ያ ሰውዬ… ግማሽ!»

ወሬዋን አወቅናት። ሰፈሩ ውስጥ ያልሰማት የለም። አንድ ሙሽራ በሠርጉ ጠዋት ሊቆረጥ ይመጣል፤ ቶንዶሱ ግማሽ ራሱን እንደጨረሰ መብራት ይጠፋል። ቢጠብቁ አይመጣም፣ ሰዓቱ ደረሰ። ሰውዬው ግማሹን ተላጭቶ፣ ግማሹን አጎፍሮ ወደ ሠርጉ ይሮጣል፤ ቀኑን ሙሉ ከሙሽራዋ በአንድ ጎን ብቻ ይቆማል፣ ፎቶውንም በአንድ ጎን ብቻ ይነሳል።

«ሾርባ… ሾርባው ጠፋ» አለ ጋሼ። መብራት ማለቱ ነው። ስህተቱን ሰማው፤ ቆመ። ምላሴ ጫፍ ላይ «መብራት» የሚለው ቃል ሲያሳክከኝ እህቴ አየችኝ፤ በዓይኗ ብቻ አስቀመጠችኝ። ቁጭ አልኩ።

«ከዚያስ?» አለችው። እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ ዞረች።

«ጠፋ። ዶሮዋ… ዶሮዋ ቆመች። እኔ ቆይ አልኩት። እሱ አይ። አይ፣ አይ፣ ገበያው… ሄደ! ሮጠ! በግማሽ!» ግራ እጁ በአየር ላይ ቶንዶስ ይዞ፣ የማይታይ ራስ ላይ ወጣ፣ ግማሽ ላይ ቆመ። በስክሪኑ ላይ ግማሽ ላጫው ደርሶ ልጅቱን መታት። ቀዩ ብርጭቆ ጎደለ። ወገቧ ሙሉ ጠርሙስ ነበረ፤ የሚያጠጣትም የሚዋጋላትም አልነበረም። ወደቀች። ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ።

ወሬው ብዙ ጊዜ ፈጀ። ቃል ይፈልጋል፣ ሌላ ያገኛል፣ በእሱው ይቀጥላል። ፎቶው «ብርድ ልብስ» ሆነ፣ ሙሽራዋ «ወንዝ» ሆነች። ሱቅ የሚጠብቀኝ ሰው ሁለቴ ደወለ፤ ስልኬን አጠፋሁት። በማግስቱ ሙሽራው የቀረውን ሊያስጨርስ ሙሽራዋን ይዞ ፀጉር ቤት መጣ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሙሽራዋ ዞራ እስከዚያ ቀን ያላየችውን ጎኑን አየች።

«አየችው» አለ ጋሼ። «አየችው፤ እና… እና…»

ቆመ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልመጣም። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። መጨረሻዋን እኔም አውቃታለሁ፣ እህቴም ታውቃታለች፤ ለዘመናት ሰምተናታል። እህቴ አልሰጠችውም። ጉልበቷ ላይ እጆቿን አጣምራ፣ መነፅር ለብርሃን አንስታ እንደምታየው በዚያው ትዕግሥት ተመለከተችው። ጠበቅን። እኔም፣ በሕይወቴ ምንም ነገር ጠብቄ የማላውቀው፣ ጠበቅኩ።

ጋሼ ትልቅ ትንፋሽ ወሰደ። አገጩን ወደ ላይ አነሳ፣ የሙሽራዋን ቀጭን ድምፅ አወጣ፦

«ይሄኛውስ… ማነው?»

እና እኛ ከመሳቃችን በፊት፣ ራሱ ቀድሞን ሳቀ።